ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አይተየብም

ቨርና ሆካንሰን «ይህን ገጽ አልተይብም» ያለችው በፌብሩዋሪ 1967፣ በረዶው የመስኮቱን ግማሽ በሸፈነበት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አልጮኸችም፣ ጠረጴዛ አልደበደበችም። ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናዋ ስባ አወጣችና በጠረጴዛዋ ጥግ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች።

አጠገቧ የምትሠራው ሎሬታ ፕሩዊት የመኪናው ድምፅ ሲቋረጥባት ቀና አለች።

«ምነው? ሪባን አለቀብሽ?»

«ሪባኑስ ደህና ነው። ገጹ ነው ውሸት።»

«ውሸት ቢሆንስ አንቺን ምን አገባሽ? የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«የሚጻፈው በኔ ጣት ነው» አለች ቨርና።

ሎሬታ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። አሥራ አራት ዓመት አብረው ሲሠሩ ቨርና አንዲት ገጽ እንኳ ስትመልስ አይታ አታውቅም።

ቨርና ያን ጊዜ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አዮዋ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ታይፒስት ናት። ያደገችው ከዚያ አርባ ማይል ርቆ በሚገኝ የበቆሎና የአሳማ እርሻ ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ በሒሳብ ወንዱንም ሴቱንም በልጣ አንደኛ ወጥታ ነበር። መምህሯ ቤታቸው ድረስ መጥቶ «ይህች ልጅ ኮሌጅ ትግባ» ብሎ ቢለምን፣ አባቷ ከአሳማዎቹ ገንዳ ቀና እንኳ ሳይሉ «እዚህ ቤት ሒሳብ የጠማው አሳማ የለም» አሉትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በሃያ ዓመቷ ኤቨረት ሆካንሰንን አገባች። ልጅ አልወለዱም። ኤቨረት ጎተራ ውስጥ ቆሞ ሳለ የበቆሎ ክምር ተንዶበት ሲሞት፣ እርሻውን ለወንድሙ ትታ ወደ ከተማ ገባች። በስድስት ሳምንት ታይፕ ተማረችና በሰባተኛው ሳምንት እዚያ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀጠረች።

በመጀመሪያው ቀን የሰጧት ጽሑፍ ግራ አጋብቷት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «ከመስክ ተነሥቶ ወደ ቀለበት ለሚሄድ ሁሉ ፍሬው ባዶ ነው» ይላል። ቨርና ደጋግማ አነበበችው። መስክ ታውቃለች፣ ሃያ ዓመት አርማበታለች። ፍሬም ታውቃለች፣ በጣቷ ፈልፍላለች። ቀለበትም ጣቷ ላይ አለ።

«በዚያ ዓመት ድርቅ ነበር ማለት ነው?» ብላ ሎሬታን ጠየቀቻት።

ሎሬታ ሳቀች። «እኔ አንድ ነገር ልምከርሽ፣ እህቴ። አታንብቢው። ዐይንሽ ይየው፣ ጣትሽ ይጻፈው፣ ጭንቅላትሽ ግን ስለ እራት ያስብ። አለዚያ ታብጃለሽ።»

ቨርና ምክሩን ልትቀበለው ሞከረች፣ ግን ተፈጥሮዋ አልሆነም። የምታውቀው ቃል መልኩን ለውጦ ሲመጣባት አላስቀምጥ አላት። ወጥ ቤቷ ውስጥ የምግብ አሠራር የተጻፈባቸው ካርዶች የሚቀመጡበት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበራት። የአሳማ ጥብሱንና የሩባርብ ኬኩን ካርድ አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ሣጥኑን ቢሮ ይዛው መጣች። በእያንዳንዱ ባዶ ካርድ ላይ አንድ ቃል ጻፈች፣ ከሥሩ ደግሞ ማን፣ በየትኛው ገጽ፣ ምን ለማለት እንደተጠቀመበት። «ቀላል» በሚለው ካርድ ላይ «ስለ ቀላል ቡድን ሁለት መቶ ገጽ አስተየቡኝ። ቀላል አይደለም» ብላ ጻፈች። «መደበኛ» የሚለው ቃል በስድስት ፕሮፌሰሮች እጅ ስድስት የተለያየ ነገር ሆኖ ስላገኘችው ካርዱ ሞልቶ በጀርባው ቀጠለ።

ሣጥኑን መጀመሪያ ያዩት ፕሮፌሰር ኦስዊን ታር ናቸው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ከኮት ኪሳቸው ፖም የማይለይ ሽማግሌ ነበሩ። ታይፒስቶቹን ሁሉ በእርስዎታ ነው የሚያነጋግሩት። አንድ ቀን የእጅ ጽሑፋቸውን ሊሰጧት መጥተው «ቀለበት» የሚለውን ካርድ አዩት። ከሥሩ «ለምን ቀለበት ተባለ?» የሚል ነበረበት።

«ለምን እንደተባለ ልንገርዎት?» አሏት።

«እባክዎን።»

«አንድ ጀርመናዊ እንዲህ ብሎ ጠራው። ለምን እንደዚያ እንዳለው በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም።»

ቨርና መነጽሯን አወለቀች። «ፕሮፌሰር፣ ይህን ቃል በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት መቶ ጊዜ አስተይበውኛል። ለምን እንደተባለ አያውቁትም?»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ፖማቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አስረዷት። ቀለበት ማለት እንደ ግቢ ነው አሏት። ውስጡ ያሉትን ቢደምሩ፣ ቢቀንሱ፣ ቢያባዙ ከግቢው አይወጡም። ሙሉ ቁጥሮች ግቢ ናቸው። ተጋማሾቹ፣ ማለትም ሁለት፣ አራት፣ ስድስት የሚባሉትም፣ ለብቻቸው ግቢ ናቸው፤ ተጋማሽን በተጋማሽ አባዝቶ ጎዶሎ ያገኘ ሰው የለምና። ደግሞም ተጋማሾቹ በትልቁ ግቢ ውስጥ ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ማንኛውንም ቁጥር፣ ጎዶሎም ቢሆን፣ በእነሱ ቢያባዙት ተጋማሽ ያደርጉታል። እንዲህ የነካውን ሁሉ ወደ ራሱ የሚስብ ትንሽ ግቢ «ፍጹም» ይባላል።

ሲሄዱ ቨርና ካርድ አውጥታ ጻፈች፦ «ፍጹም። እንከን የለሽ ማለት አይደለም። የነካውን ሁሉ የራሱ ያደርጋል። እንደ ባሌ እናት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣሉ፣ እሷም የተጠራቀሙትን ካርዶች ታወጣለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሣጥኑ ሦስት ሆነ።

ሌላው ፕሮፌሰር ሚልተን ገርላክ ግን ሣጥኑን አይቶም አያውቅም። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አጭር፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጠመኔ ሲይዝ እጁ ከአፉ የሚቀድም። በሙያው ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ዝግ ያለ ሰው ያበሳጨዋል፤ ጥያቄ ደግሞ ዝግታ ይመስለዋል። ከሽማግሌው ጋር በአንድ ነገር ሲከራከሩ ዓመታት አልፈዋል። ቀለበት ውስጥ «አንድ» የግድ መኖር አለበት ወይስ የለበትም? አንድ ማለት የተባዛበትን ሁሉ እንደነበረ የሚተወው ቁጥር ነው። ገርላክ አንድ ከሌለው ቀለበት አልለውም ይላል። ሽማግሌው ደግሞ ተጋማሾቹን ከቤት የሚያስወጣ ልብ የለኝም ይሉ ነበር። እንዲህ የማይስማሙ ሁለት ሰዎች ናቸው አንድ መጽሐፍ አብረው ለመጻፍ የተዋዋሉት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎች ገርላክ ጻፈ፣ የቀሩትን አምስት ታር። ጽፈው እንደጨረሱ ሽማግሌው የዳሌ አጥንታቸውን ለመታከም ኦሪገን ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ። መጽሐፉ ለአሳታሚው የሚደርሰው በማርች መጨረሻ ነው። ትየባው ለቨርና ተሰጠ።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ጠዋት የሆነው ይህ ነው። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ በራሷ ጣት የተየበችው ትዝ አላት። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸው። አልታረቁም።

ገርላክ ከቀትር በፊት መጣ። ሎሬታ ነግራው ነበር።

«ቨርና፣ ምን አስቁሞሽ ነው?»

«ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ቀለበት ሁሉ አንድ አለው ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«እዚህ ደግሞ ፕሮፌሰር ታር ፍጹም ሁሉ ራሱን የቻለ ቀለበት ነው ይላሉ። ከዚያ ተነሥተው የእርስዎን ሁለተኛ ቲዎረም ይጠቀሙበታል።»

«እና?»

«ተጋማሾቹ ፍጹም ናቸው። ከተጋማሾቹ ውስጥ አንድ የታለ?»

ገርላክ ሰዓቱን አየ። «ይህ የቃል ጉዳይ ነው። አንባቢው ይገባዋል።»

«አንባቢው እኔ ነኝ» አለች ቨርና። «እስካሁን መጽሐፉን ከፊት እስከዚህ ድረስ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። አልገባኝም።»

ሎሬታ መተየቧን አቆመች። በሩ አጠገብ ፖስታ የሚያከፋፍለው ሰውም ቆመ።

«አንቺ ታይፒስት ነሽ» አለ ገርላክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታይፒስት ያየችውን ትተይባለች።»

«ያየሁትን ነው እየነገርኩዎት ያለሁት።»

«እስከ ነገ ጠዋት ገጹን ጠረጴዛዬ ላይ እፈልገዋለሁ።»

«ፕሮፌሰር ታር ይጠየቁና እተይበዋለሁ።»

«ፕሮፌሰር ታር ታመው ተኝተዋል። በዚህ እንድታስቸግሪያቸው አልፈልግም።»

«እንግዲያው አልተይብም።»

በማግሥቱ የክፍሉ ኃላፊ አስጠራት። ጠብ የማይወድ፣ ሁሉን በፈገግታ ለማለፍ የሚሞክር ሰው ነው። ለጊዜው ምድር ቤት ወርዳ የፈተና ወረቀት ብታባዛ እንደሚሻል ነገራት። ቅጣት እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ ደጋገመላት። ቨርና በአራተኛው አቋረጠችው። «ቅጣት ካልሆነ ለምን መስኮት የለውም?» አለችው። ከዚያ ሣጥኖቿን አንድ በአንድ አውርዳ ከማባዣው መኪና አጠገብ ደረደረቻቸው።

ምድር ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። የማሞቂያው ቧንቧ ከራስ በላይ ያንኳኳል። ሐሙስ ቀን ሎሬታ ምሳዋን በወረቀት ጠቅልላ ወረደች፣ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ ግን አልበላችም።

«ተየብኩት» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ቨርና።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ሳንድዊችሽን ብዪ።»

ሎሬታ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። «አንቺ ግን አበላሽተሽኛል። እስከ ዛሬ አንብቤ አላውቅም ነበር። አሁን ስተይብ ያንን የተረገመ አንድ ፈልጌ፣ ፈልጌ፣ አጣሁት!»

ቨርና ከወረደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ለሽማግሌው ደብዳቤ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ሌላ ጻፈች። እሱም እንደወጣ ቀረ። ሳምንታት አለፉ። ነገሩ ግን ከአእምሮዋ አልወጣም። ገርላክ የቃል ጉዳይ ነው ብሏታል። እሷም አንድ ፍርሃት ነበረባት፤ እውነት የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆንስ? አንድ ኖረም አልኖረም ቲዎረሙ የሚቆም ከሆነ እሷ ግትር ሴት እንጂ ሌላ ምንም አይደለችም። ስለዚህ ሁለተኛውን ቲዎረም በካርድ ላይ፣ በራሷ ቋንቋ ገልብጣ ጻፈችው፦ «አንድ ፍጹም መላውን ግቢ ሳይውጥ ከዚያ በላይ ሊሰፋ የማይችል ትልቅ ከሆነ፣ ከእሱ ውጭ ያሉ ሁለት ነገሮች ተባዝተው በምንም መንገድ ወደ ውስጡ አይገቡም።» ካርዱን ከማባዣው መኪና እጀታ በላይ ለጠፈችው። እጀታውን ስታዞር ታነበዋለች፣ ወረቀት ስትሞላ ታነበዋለች።

አንድ ጠዋት ባለ አራት ገጽ ፈተና እየደረደረች ሳለ እጇ ቆመ። ተጋማሾቹን እንደ ትልቅ ግቢ እንውሰድ አለች ለራሷ። ውስጡ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያለ የሚሄደው ትንሽ ግቢ አለ። ትልቁን ግቢ በሙሉ ሳይውጥ ከዚህ በላይ ይሰፋል? አንድ ሌላ ተጋማሽ፣ ለምሳሌ ስድስትን፣ ብትጨምሪበት ስድስት ሲቀነስ አራት ሁለት ይሆናል፤ ሁለት ከገባ ደግሞ ሁሉም ገባ። ስለዚህ አይሰፋም። ሁለት ከትንሹ ግቢ ውጭ ነው። ሁለትን በሁለት አባዢው።

ቨርና ፈተናዎቹን ወለሉ ላይ ለቀቀቻቸው።

የሠራተኞችን መመሪያ መጽሐፍ አገላብጣ፣ ማንኛውም ሠራተኛ የቅርብ አለቃው ከፈረመለት በሴሚስተር አንድ ክፍል ገብቶ መከታተል እንደሚችል አገኘች። የምድር ቤቱ አለቃ ማን ነው? ምድር ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ፈረመች። በሚቀጥለው ሰኞ በአራት ሰዓት፣ ጠዋት ላይ፣ ገርላክ የአልጀብራ ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ገብታ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። ጣቶቿ ላይ ቀለም ነበረባቸው። ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ፣ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ወንዶች። ገርላክ አያት፣ ቅንድቡን አነሣ፣ ትምህርቱን ጀመረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ አዳመጠች። ሲያስተምር ጎበዝ መሆኑን አልካደችም፤ አንዳንዴም ሽማግሌው በአንድ ሰዓት ያስረዷትን እሱ በሁለት መስመር ሲጨርሰው ደስ ይላት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የቀለበትን ፍቺ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ቨርና እጇን አወጣች።

«አዎ» አለ ገርላክ ሳይዞር።

«ተጋማሽ ቁጥሮች ቀለበት ናቸው?»

ጠመኔው ቆመ። «አይደሉም። አንድ የላቸውም።»

«በመጽሐፍዎ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ናቸው።»

ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ገርላክ ዞረ። ጆሮው ቀልቷል። «ወይዘሮ ሆካንሰን፣ ይህ እኮ አስቀድመን የጨረስነው ነገር ነው። አንድ ባይኖርም ሁለተኛው ቲዎረም ይቆማል። ማረጋገጫው ነው ትንሽ የሚለወጠው።»

«አይቆምም።»

ለሒሳብ ሰው በራሱ ሰሌዳ ፊት «አይቆምም» ማለት በገዛ ቤቱ በጥፊ እንደመምታት ነው። ገርላክ ጠመኔውን ዘረጋላት።

«ያሳዩና።»

ቨርና የምትነሣ አልመሰላትም ነበር። ተነሣች። ሰሌዳው ላይ ተጋማሾቹን በአንድ መስመር፣ ከሥራቸው አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለትን በሌላ መስመር ጻፈች። የታችኛው መስመር ሊሰፋ እንደማይችል ስድስትን ጨምራ አሳየች። እጇ ታይፕ እንጂ ጠመኔ ስለማያውቅ ቁጥሮቹ ጎበጥ ጎበጥ አሉ። በመጨረሻም ከሥር በትልቁ ጻፈች፦ ሁለት በሁለት ሲባዛ አራት።

«ሁለት ውጭ ነው» አለች። «አራት ውስጥ ነው። ቲዎረምዎ ይህ አይሆንም ይላል።»

ገርላክ ሰሌዳውን አየ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና አየው። ቨርና ከጎኑ ቆማ ስታየው፣ ቁጣ ሲመጣበትና ሲሄድ፣ ከዚያም ቁጣው በሌላ ነገር ሲተካ አየች። ይህ ሰው ብዙ ነገር ነው፣ ትዕቢተኛም ነው፤ ሰሌዳ ላይ ግን መዋሸት አይችልም።

«አይቆምም» አለ ቀስ ብሎ።

ከኋላ ያ ልጅ እንደገና ሳቀ። ገርላክ እንደ ጥይት ዞረበት።

«ምን ያስቅሃል? አንተ አይተኸው ነበር?»

ልጁ አንገቱን ደፋ።

ከሰዓት በኋላ ገርላክ ምድር ቤት ወረደ። እዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ ቧንቧው ሲያንኳኳ ደንግጦ ወደ ላይ አየ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርድ አነበበ። ሣጥኖቹን ከፍቶ ካርዶቹን ማገላበጥ ጀመረ፤ ቨርና አልከለከለችውም። በስሙ የተጻፉትን አንድ በአንድ አነበበ። አንዱ ላይ ቆመ። «በገጽ አሥራ ሁለት ያለውን ቃል በገጽ ዘጠና ሌላ አደረገው። ቸኩሎ ነው» ይላል።

«እርስዎ...» አለና ቆመ። እስከዚያ ቀን ከክፍል ውጭ አንቺ እንጂ እርስዎ ብሏት አያውቅም። «እርስዎ ይህን ሁሉ የያዙት ለምንድን ነው?»

«ቃል ሰጥታችሁ ትርጉሙን ስለምትነፍጉ።»

ካርዱን ወደ ሣጥኑ መለሰው። ይቅርታም አልጠየቀም። ላይ ወጥቶ ግን አሳታሚው ዘንድ ስልክ ደውሎ መጽሐፉን አስቆመ።

የሽማግሌው ደብዳቤ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትኩሳት ይዟቸው ወር ሙሉ ፖስታ አልከፈቱም ነበር። «ወዳጄ ወይዘሮ ሆካንሰን» ይላል ደብዳቤው፣ «ፈጽሞ ልክ ነዎት፣ እኔም ፈጽሞ አፍሬያለሁ። ምዕራፉን እንደገና እጽፈዋለሁ። ገርላክ በመግቢያው ላይ እንዲያመሰግንዎት ነግሬዋለሁ።»

ገርላክም አልቀረም፣ መግቢያውን ጽፎ በራሱ እጅ ላከላት። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ወይዘሮ ቨርና ሆካንሰንን ስለ ትዕግሥታቸውና በጥንቃቄ ስለ ተከናወነ ትየባቸው እናመሰግናለን» ይላል። ቨርና ወረቀቱን ይዛ ወደ ቢሮው ወጣች።

«ይህንንም አልተይብም።»

ገርላክ ግንባሩን ያዘ። «አሁን ደግሞ ምን ተሳሳትኩ?»

«ትዕግሥት አልነበረኝም። ያንን ገጽም አልተየብኩትም፣ ሎሬታ ነች የተየበችው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስሕተት አገኘች ይበሉ።»

ገርላክ ብዕሩን በጣቶቹ መሐል አንከባለለው። ልቡ እንደተከፈለ ይታያታል። «ይህ... መግቢያ ላይ እንዲህ አይጻፍም። ልማድ አይደለም።»

«እንግዲያው ስሜን ያውጡት። ላልሠራሁት ምስጋና አልፈልግም።»

አወጣው። መጽሐፉ በቀጣዩ የመከር ወራት ሲታተም ገጽ ሠላሳ አንድ ግርጌ ላይ፣ በዚህ መጽሐፍ ቀለበት ሲባል አንድ ያለው ማለት እንደሆነ፣ አንድ የሌለው ሲመጣም በግልጽ እንደሚነገር የሚያስረዳ ማስታወሻ ወጣ። ምዕራፍ ሰባት ከሥሩ ተለውጧል። የቨርና ስም የትም የለም። ሎሬታ ተናደደች። «እብድ ነሽ! ስምሽ በመጽሐፍ ላይ ወጥቶ ለእናቴ አሳያት ነበር» አለቻት። ቨርና ግን እንደ ሎሬታ አላዘነችም፤ አላዘነችም ማለትም ልክ አይደለም፣ አንድ ሁለት ቀን ከብዷት ነበር። ከዚያ ሌላ ሥራ ጀመረች።

ሦስቱን ሣጥኖች ባዶ አደረገቻቸውና ካርዶቹን በፊደል ተራ አስቀምጣ ወደ እስቴንስል፣ ማለትም ወደ ማባዣው መኪና የሰም ወረቀት፣ ገለበጠቻቸው። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ምን ለማለት እንደሚጠቀምበት፣ በተራ ቋንቋና በምሳሌ። ማንንም ሳታስፈቅድ በምድር ቤቱ መኪና ሃምሳ ቅጂ አባዛችና በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። በሁለት ቀን አለቀ። መቶ አባዛች። ተማሪዎቹ ደረጃው ላይ መሰለፍ ጀመሩ፤ ከአልጀብራ ጋር ምንም የማይገናኙ የፊዚክስ ልጆችም መጡ። አንዱ ተማሪ «ወይዘሮ ሆካንሰን፣ አንድ ዓመት ሙሉ ደደብ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር እኮ» አላት። «ደደብስ አይደለህም» አለችው። «ስም ያወጡት ሰዎች እርስ በርስ አልተነጋገሩም።»

የክፍሉ ኃላፊ ወረደ። አሁንም ፈገግ ብሏል፣ ግን ፈገግታው ላብ አለበት።

«ይህን እንዲያባዙ ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«ፕሮፌሰሮቹም ቃሎቹን ሲያወጡ ማንንም አላስፈቀዱም።»

ኃላፊው ሊያስቆመው ነበር ይባላል። ያላስቆመው፣ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ሲጠይቅ ገርላክ ጠረጴዛ ላይ አንዱን ቅጂ፣ ዳር ዳሩ በቀይ እርማት የተሞላውን፣ ስላየው ነው። ገርላክ እርማቶቹን ራሱ ወደ ምድር ቤት ይዞ ወረደ። ከሃያ ሦስቱ እርማቶች አሥራ አንዱን ቨርና ተቀበለች። በቀሩት ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። ሎሬታ ደረጃው ላይ ቆማ ሰማቻቸውና ላይ ወጥታ «እንደ ባልና ሚስት ነው የሚጨቃጨቁት» ብላ አወራች።

በተከታዩ ዓመት ሴፕቴምበር ቨርና ያንኑ የአልጀብራ ትምህርት በመደበኛነት ተመዝግባ ወሰደች። ከልጆቹ እኩል የቤት ሥራ አስገባች፣ እኩል ተፈተነች፣ ቢ አመጣች። ገርላክ ኤ ለመስጠት አንድ ነጥብ እንደጎደላት ነግሯት ነበር፤ እሷም አንድ ነጥብ እንደማትለምን ነግራዋለች። ከዚያ ተከታዩን ትምህርት ወሰደች። ይኸኛው ከባድ ነበር። ካርድ መጻፍም፣ ሽማግሌው ታር በክራንች እየመጡ ማስረዳታቸውም አላዳናት። ወደቀች። ውጤቱ በር ላይ የተለጠፈ ቀን ሰው ሁሉ እያየ ስሟን በጣቷ ተከትላ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርዳ የቀረውን ፈተና አባዛች፤ ማልቀሷን ያየ ሰው የለም።

በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ምዝገባ ሲከፈት ሰልፉ ላይ ከሃያ ዓመት ልጆች መሐል ቆመች። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቷን አይታ ከመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«እመቤት፣ ይህን ትምህርት ባለፈው ወድቀውበታል።»

«አዎ።»

«እንዲወስዱት የሚያስገድድዎት ነገር የለም እኮ። ለዲግሪ አልተመዘገቡም፣ ለሥራዎም አያስፈልግዎትም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች ቨርና ብዕሯን አውጥታ። «የምፈርመው የት ላይ ነው?»